ከአፍ የተሰማ ምሳሌ

ጥቅምት 9 ቀን

ለእታለም፣

አራት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ስለከረምኩ፣ ይቺን ወረቀት ገና ሳትከፍቻት እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ልክ ነሽ። እጄ ሥራ ይዞ ነበር ብልሽ «የኔስ እጅ ምን ይዞ ነው?» ስለምትይኝ ምክንያት አልደረድርም። ደህና ነኝ። ሳሉም ለቆኛል። የላክሽልኝን ሹራብ ከወንበሬ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ፤ ቢሮ ስገባ ነው የምለብሰው፤ ክፍላችን ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ምንድን ነው?» ላልሽኝ፣ እስቲ እንደምንም ላስረዳሽ። ስድስት ሰዎች ነን፤ አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ። በየፊታችን የካርድ ሣጥን አለ። ካርዱ አናት ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፋል፤ ከሥሩ በእኛ ቋንቋ ፍቺው፣ ከፍቺው ሥር ደግሞ አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ሥራዬ ይኸው ነው። አለቃችን ታዲያ አንድ ሕግ አላቸው፤ ምሳሌውን ከራሳችን ጭንቅላት መፍጠር ክልክል ነው። «ከአፍ የተሰማ ይሁን» ይላሉ። «ልጁ ኳስ መታ» የሚል ካርድ ካዩ ቀደው ነው የሚጥሉት። ሰው አውቶቡስ ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ በእውነት የተናገረውን ነው የሚፈልጉት፤ አንዲት ቃል ሳትለወጥ። ስለዚህ ስድስታችንም ማስታወሻ በኪሳችን ይዘን የሰው አፍ ስንጠብቅ እንውላለን።

አሁን አንድ የሙከራ ጥራዝ እያዘጋጀን ነው፤ ስለ ንግግር ብቻ። ታትሞ ለየትምህርት ቤቱ ይላክና አስተማሪዎች አስተያየት ይሰጡበታል። ቃሉ ሲከፋፈል ለአንዱ የክርክር ደረሰው፣ ለአንዷ የመሐላ፣ ለእኔ የሥራ ፈት ወሬ። ሳቂ እንግዲህ። እንግሊዞች ዝም ብሎ ለማውራት ያላቸው የቃል ብዛት! ቁጭ ብዬ ስቆጥር ከሠላሳ አለፈ። «ስሞል ቶክ» የሚሉት አለ፤ ትንሽ ወሬ እንደማለት ነው፤ ከማታውቂው ሰው ጋር ዝም ብሎ መቆም ስለሚያስፈራ ስለ ዝናብ የምታነሺው ዓይነት። «ፕራትል» አለ፣ ሕፃን አፍ ሲፈታ የሚያወራው። «ቲትል ታትል» አለ፣ የሰውን ጓዳ ከቤት ቤት ማመላለስ። ይኼን ሁሉ በእኛ ምን ልበለው?

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ሰው ካለበት ክፍል ግድግዳ ታክኬ ነው የማልፈው። ወሬ ከየት አመጣለሁ? አንቺ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ፀጉር ስትሠሪ የከተማው ሴት ሁሉ እጅሽ ላይ ጭንቅላቱን ጥሎ አውርቷል። በሞቴ፣ የትኛውን ወሬ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ሲያወሩም ምን እንደሚሉ ጻፊልኝ። ቶሎ ጻፊልኝ ማለት አሳፈረኝ፤ ግን ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 27 ቀን

ለወንድሜ ለሊቁ፣

አራት ወር ጠፍተህ ስትመጣ «ወሬ ስጪኝ»? እሺ ይሁን። ደግነቱ ካለኝ ነገር ሁሉ የማያልቅብኝን ነው የለመንኸኝ። እዚህ ሰው «ወንድምሽ ምን ይሠራል?» ሲለኝ «መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው» ብዬ ነው የማልፈው። ቃል ይለቅማል ብል ምስር ለቀማ ይመስላቸዋል፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል ብል ደግሞ ቀደዳ ጀመረች ይሉኛል።

ስማ እንግዲህ፣ ካርድህን አዘጋጅ። ጨዋታ ማንንም አይነካም፤ ፀጉር እስኪደርቅ ጊዜ መግፊያ ነው። ወግ ከሱ ከፍ ይላል፤ ወግ አዋቂ ስትገባ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ያሉት ራሳቸው ማሽኑን ያጠፉታል፣ እንዳያመልጣቸው። ቀደዳ ውሸት ነው፤ ግን ሁሉም ውሸት መሆኑን እያወቀ ይሰማል፤ ባለ ዳቦ ቤቷ ደንበኛዬ በልጅነቷ ስንት ሰው ለጋብቻ እንደለመናት ስታወራ ቀደዳ ነው። ልፍለፋ ተናጋሪዋ ራሷም የማትሰማው ነው። ጭምጭምታ ገና ክንፍ ያላወጣ ነው። አሉባልታ እናቱም አባቱም አይታወቁም፤ ብቻ ያድጋል። ሐሜት ደግሞ ምልክት አለው፤ ሰው ሲገባ ዝም ከተባለ ሐሜት ነበር። ይቺን በደንብ ጻፋት፤ ትምህርት ቤት አልተማርኳትም።

የሐሜት ምሳሌ ከፈለግህ ይኸውልህ። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ታስታውሳታለህ፣ ጭምቷ የምንላት። የሚለየን ግድግዳ ነው፤ እሷ ስትሰፋ የኔ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ትንሿ ልጃቸው ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ቤት መጥታ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ካልዞረች ምሳ አይወርድላትም። ጭምቷ እንኳን ልትናገር፣ ሲናገሩ ቀና አትልም። ለሰፈሩ አፍ የሚሆን ነገር ሰጥታ አታውቅም፤ ስለዚህ ፈልገው አመጡላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፎቶ አንሺው እናት አልጋ ከያዙ ከርመዋል። ያላቸው እሱ ብቻ ነው፤ ወንድ ልጅ የእናቱን ገላ እንዴት ያጥብ? ጭምቷ ናት በሳምንት ሁለቴ በጓሮ በር ገብታ የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው። አሮጊቷ «እንዲህ ሆኜ ሰው እንዳይሰማ» ብለው አስምለዋታል። ለባሏ እንኳ አልነገረችም። እኔም ያወቅሁት ሁለት ጊዜ ፀጉራቸውን እንዳጥብ ይዛኝ ስለሄደች ነው። እና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሹፌሩ መንገድ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ ፎቶ ቤት ትገባለች፤ ለፎቶ ግን አይደለም።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ስቄያለሁ። ንጹሕ ውሸት ነው፤ ግን አባባሉ አያስቅም? ሐሜት ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

ብላ፣ ጠጣ፣ ፀሐይ ሙቅ። ሹራቡን ወንበሩ ሳይሆን አንተ ልበሰው።

እህትህ

ኅዳር 15 ቀን

ለእታለም፣

የጥቅምቱን ደብዳቤሽን ስንት ሰው እንዳነበበው ብታውቂ በኩራት ታብጫለሽ። «ሰው ሲገባ ዝም ከተባለ ሐሜት ነበር» ያልሽውን አለቃችን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ «እህትህን እዚህ እንቅጠራት» አሉ። እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ሌሎቹን ቃላት ንገረኝ ላልሽኝ፣ እስቲ ሳቂ። «ቺንዋግ» የሚሉት አለ፤ አገጭ ማወዛወዝ ማለት ነው፤ ከወዳጅ ጋር ተቀምጦ ማውጋት። «ስከትልበት» የሚሉትም አለ፤ ድሮ መርከብ ላይ መርከበኞች የሚጠጡበት የውሃ በርሜል ነበር፤ እዚያ ተሰብስበው ሲጠጡ የሚያወሩትን በበርሜሉ ስም ጠሩት። አንቺ ጋ ቢሆን ካስክ ይባል ነበር። ከሁሉ የገረመኝ «ጎሲፕ» ነው፤ ሐሜት ያልሽው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የክርስትና አባትና እናት ማለት ነበር። ከዚያ የቅርብ ወዳጅ ሆነ፤ በምጥ ጊዜ አጠገብሽ የምትቀመጠዋ ሴት። ከዚያ እሷ የምታወራው ሆነ። ዛሬ ሐሜት ነው። ቃል እንደ ሰው ሲበላሽ ሳይ ይገርመኛል።

ከጥቅምቱ ወዲህ በላክሽው በሁለተኛው ወረቀትሽ ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ ዓረፍተ ነገርሽን «ጎሲፕ» ካርድ ላይ ጽፌዋለሁ። «ምነው ባልጻፍኩልህ» ማለትሽ ግን አልገባኝም። ስም የለበትም፤ ከተማ የለበትም። ልብስ ሰፊ የሌለበት ከተማ የት አለ? ሹፌርስ? ፎቶ ቤትስ? «ልብስ ሰፊዋን አናጢ አድርጋት» ያልሽኝን ለአለቃዬ አንስቼው ነበር። «የተለወጠ ከሆነ የተሰማ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደግሞም እታለም፣ መዝገበ ቃላት ማን ለወሬ ብሎ ያነባል? አይዞሽ፣ ተኝተሽ እደሪ።

ወንድምሽ

ጥር 18 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ ወይ? ሳልህስ? ሹራቡ አልጠበበህም? ክፍላችሁ ፀሐይ ገባበት ወይስ እንደዚያው ነው? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስጠግኛለሁ። ሥራም አለ። የፎቶ አንሺው እናት ባለፈው ወር አረፉ፤ ለመጨረሻ ጊዜም ያጠበቻቸው ጭምቷ ናት።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ጥራዝ ስንት ታተመ?

እዚህ ሦስት ደርሷል። አንዱ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ጋ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሩቅ ተዛውሮ የመጣ ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆሞ ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ ሲያነብ የኛን ሰፈር እያነበበ መሆኑን አላወቀም። ልጆቹ ግን አወቁ። እዚህ ስንት ፎቶ ቤት አለ? አንድ። ሚስቱ ልብስ የምትሰፋ ሹፌር ስንት ነው? አንድ። ምሳ ሰዓት ላይ በየቤቱ ደርሷል። በማግስቱ ባለ ዳቦ ቤቷ መጥታ «ሰማሽ? መጽሐፍ ላይ ወጣች እኮ!» አለችኝ። «ማን?» አልኳት። ፀጉሯን እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ።

ወሬማ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያቺን ነገር ሰው ረስቷት ነበር እኮ! ሁለት ሳምንት ተሳቀባት፣ ከዚያ ሌላ መጣ። አሁን ግን «መንግሥት ሳያጣራ አይጽፍም» ይላሉ። «እኛ በቀልድ ስናወራው እነሱ ደርሰውበት ኖሯል» ይላሉ። ስቀው የነበሩት ራሳቸው አሁን አይስቁም፤ ራሳቸውን ነው የሚነቀንቁት። ይኼ ደግሞ ከሳቁ ይከፋል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጭምቷ የሰማችው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ከልጇ። ትንሿ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ፎቶ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። ጭምቷ ማንበብ አትችልም። ጥራዙን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ይዛው ወደ እኔ መጣች። «አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። «ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። «ማነው እንዲህ የሚጠላኝ?» አለችኝ።

ሌላ ለመጻፍ አቅም የለኝም። ስንት ታተመ?

እህትህ

ጥር 30 ቀን

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ጨርሼም ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ሺህ ነው የታተመው። ሁሉም ወጥቷል።

ይቅርታ ልልሽ ብዬ ጀመርኩና ይቅርታ የምለው ለማን እንደሆነ ጠፋኝ፤ ለአንቺ ነው ወይስ ለእሷ? «አናጢ አድርጋት» ስትይኝ ብሰማሽ ኖሮ! አንዲት ቃል ነበረች። ለአንዲት ቃል ብዬ አለቃዬን መከራከር ፈራሁ።

ወዲያውኑ ገብቼ ነገርኳቸው። አዘኑ፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት። ግን «ምሳሌው ከእውነተኛ ሰው ሕይወት የተወሰደ ነው ብለን ካመንን እንከሰሳለን፤ ፈጠራ ነው ካልን ደግሞ መግቢያው ላይ ‹ሁሉም ከአፍ የተሰማ ነው› ብለን ዋሽተናል» አሉ። በሁለቱ መካከል ሦስት ቀን ከቆዩ በኋላ የእርማት ወረቀት እንዲወጣ ፈቀዱ። ጥራዙ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል፤ ለእናንተ ትምህርት ቤትም እንዲደርስ ፖስታውን ራሴ አሽጌዋለሁ። «በገጽ 41 ስለ ልብስ ሰፊ የቀረበው ምሳሌ ተሰርዟል» ይላል። እንዳነበቡት ነገሩ ይበርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በላክሽው ወረቀት፣ ባሏ ከመንገድ ሳይመለስ በስሜ አንድ ደብዳቤ እንድጽፍለት ላልሽኝ፤ እታለም፣ ይኼን ለጊዜው አታስጨንቂኝ። የቢሮውን ነገር በግሌ ከጻፍኩ ሥራዬን አጣለሁ። መጀመሪያ እርማቱ ይድረስ። ትንሽ ጠብቂኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 21 ቀን

አንተ፣

እርማትህ ደረሰ። ምነው እጅህን በቆረጠው! አስተማሪው በቅንነት የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። ጥራዙን ያላየ ሰው ሁሉ «ገጽ 41 ላይ ምን ነበር?» እያለ ፈልጎ አነበበ። ወላጅ ሁሉ ቆሞ አነበበ። «ውሸት ቢሆን ለምን ይሰርዙታል? ሰው ገብቶበት ነው እንጂ» ይላሉ። «ፎቶ አንሺው ዘመድ አለው አሉ፣ አስሰረዘው» ይላሉ። አንተ የሰረዝክ መስሎህ ከሥሩ አሰመርክበት።

ሹፌሩ መጣ። ጩኸት ጠብቄ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር። አልጮኸም። አልመታትም። ስለ አሮጊቷ ነገረችው፤ ፎቶ አንሺውም መጥቶ ማለ። «እናትህ ሞተዋል፤ ያንተን መሐላ ደግሞ ምን ላደርገው?» አለው። ከዚያ የትንሿን ልብስ በቦርሳ ከትቶ እናቱ ከተማ ወሰዳት። ልጅቷ እኔ በር ላይ ቆማ «ወንበሩ ላይ አንዴ ልዙር» አለችኝ። አዞርኳት። ከዚያ ሄደች። ጭምቷ ግቢው ውስጥ የልጅቷን አንድ ካልሲ ይዛ ቀረች። እስከ አሁን የሚሰማኝ የስፌት መኪናው ዝምታ ነው፤ አሥር ቀን ሆነው።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ ስማ። ሹፌሩ ከመሄዱ በፊት ለጭምቷ አጎት የተናገረው አንድ ነገር ነው። «ሰፈር ያወራል፤ መንገድ ላይ ስውል የማልሰማው የለም። ለሰፈር ወሬ ቤቴን አላፈርስም። መጽሐፍ ግን ዝም ብሎ አይጽፍም፤ የነገረው ሰው አለ። ያ ሰው ፊቴ ይቁምና ውሸት ነው ይበለኝ። የዚያኑ ዕለት ልጄን አመጣታለሁ» አለ። መጋቢት 15፣ እሁድ፣ የሁለቱም ቤተሰብ ይቀመጣል። እኔንም ለምስክር ጠርተውኛል።

ጭምቷ ሌት ተቀን ያን ሰው ትፈልጋለች። ማን ሊሆን እንደሚችል ከኔ ጋር ትመክራለች! የኔው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ስም እየጠራች። እኔ ደግሞ «እሱ አይመስለኝም፣ እሷም አትመስለኝም» እላለሁ።

ጻፍለት። ሥራህን አትንገረኝ። «ከአውቶቡስ ላይ ሰማሁት፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም» በለው። የፈለግኸውን በለው። ብቻ የኔን ስም አታንሳ። ለምኜህ አላውቅም፤ ይኸው ለመንኩህ።

እህትህ

መጋቢት 3 ቀን

ለእታለም፣

ያልሽኝን ውሸት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አውቶቡስ ላይ ሰማሁት ብዬ ብጽፍለት ሹፌሩ ምን ይላል? «ይኸው አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ይወራል» ነው የሚለው። ካንቺ በስተቀር ይቺን ሴት የሚያድናት ሰው የለም እታለም። ብዙ ዞሬ መጥቼ እዚያው ነው የደረስኩት።

እውነቱን ጻፍኩለት። ዓረፍተ ነገሩን ከእህቴ ደብዳቤ ላይ ወሰድኩት፤ እህቴ የጻፈችልኝ ሐሜት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ልታሳየኝ ነው፤ እዚያው ላይ ውሸት መሆኑንና ሚስትህ አሮጊቷን ልታጥብ እንደምትሄድ ጽፋለች አልኩት። የጥቅምት 27ቱን ደብዳቤሽንም አብሬ ከትቼዋለሁ። አስቢው፤ ማንም ምንም ሳይጠይቅሽ፣ አሮጊቷ በሕይወት እያሉ፣ በእጅሽ ጽፈሽዋል። ቀኑ አለበት፤ ፖስታው ላይ ማኅተም አለበት። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ይኼን ያነበበ ሰው ልጇን አይከለክላትም።

ወደ ሹፌሩ እናት ቤት እንዳልልከው አድራሻውን አላውቅም፤ ላንቺ ልኬዋለሁ። ፖስታውን አላሸግሁትም። እሁድ ለት ከኪስሽ አውጥተሽ ስጪው፤ ሌላ መናገር አይጠበቅብሽም። ራሴ ልመጣ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ከለከሉኝ። መጻፌን ለአለቃዬ ነግሬያቸዋለሁ። ከካርዶቹ አንስተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረውኛል፤ ወንበር እቆጥራለሁ። ስለ እኔ አትዘኚ፤ ይኼን ጥር ላይ ማድረግ ነበረብኝ።

ታፍሪያለሽ። አውቃለሁ። ጭምቷም ትቀየምሻለች፤ ምናልባት ለብዙ ጊዜ። ግን ልጇ እቅፏ ውስጥ ሆና ነው የምትቀየምሽ።

ወንድምሽ

መጋቢት 26 ቀን

ለእታለም፣

ከእሁዱ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ መልስ የለም። ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ። ትንሿ መጣች ወይ? ሌላው ቢቀር ደህና ነኝ በይኝ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 12 ቀን

ለወንድሜ፣

ደብዳቤዎችህ ሁሉም ደርሰውኛል። ደህና ነኝ በይኝ ላልከኝ፣ ደህና አይደለሁም። ትንሿም አልመጣችም።

እሁድ ጭምቷ ቤት ተቀመጡ። የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፍተው ወንበር ከየጎረቤቱ ተለቀመ፤ ከኔም ሁለት ወሰዱ። ሹፌሩና እናቱ፣ የሷ አጎት፣ ከሰፈር ደግሞ ሦስት ሰው፤ አንዷ ባለ ዳቦ ቤቷ ናት። ደብዳቤህ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ልሙት፣ ልሰጠው ነው የሄድኩት። ጠዋት መስተዋቴ ፊት ቆሜ እንዴት አድርጌ እንደማወጣው ሁሉ ተለማምጄ ነበር።

ስለ አሮጊቷ መሰከርኩ። «እኔ ራሴ ፀጉራቸውን አጥቤያለሁ» አልኩ። የሹፌሩ እናት «አንቺማ ጓደኛዋ ነሽ» አለችኝ። ሹፌሩ ግን አንገቱን ቀና አደረገ። ሊያምነኝ የፈለገ ሰው ፊት ነበረው፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። «እሺ፣ ይኼ ይሁን፤ ለመጽሐፉስ ማን ነገረው?» አለኝ። ለኔ ነው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱን ያዝኩት።

ያኔ ጭምቷ ተናገረች። «እሷን አታስጨንቋት» አለች። «በዚህ ሰፈር ስሜን በክፉ አንስታ የማታውቅ እሷ ብቻ ናት።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ፈሪ ናት ብለህ እንዳትጨርስ፤ ገና ነው። አንተ የማታውቀው አለ። «ምን ቢሉ ጥሩ ነው» ብዬ የጻፍኩልህን አስታወስከው? ማንም አላለም። ባለ ዳቦ ቤቷ ካስክ ስር ሆና «ሹፌሩ መንገድ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ ፎቶ ቤት ትገባለች» አለች፤ ያየችውን ነው የተናገረችው፣ ተንኮልም አልነበረባት። እኔ ነኝ ማበጠሪያ በእጄ ይዤ «ለፎቶ ግን አይደለም» ያልኩት። እውነቱን እያወቅሁ። ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ። የአሮጊቷ ምስጢር ስለሆነ መናገር አልችልም ነበር፤ ዝም ማለት ግን ማን ከለከለኝ? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ አልኩህ አይደል? ለኔ ነው የሳቁት። ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ ከደስታዬም የተነሳ ላንተ ጻፍኩልህ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ።

ያንን ወረቀት ባወጣው ባለ ዳቦ ቤቷ እዚያው ቁጭ ብላለች። «‹ቢሉ› ብለሽ ትጽፊያለሽ እንዴ? አንቺ እኮ ነሽ ያልሽው!» ትለኛለች። ጭምቷ እየሰማች። ሐሜቱን ማስተላለፍማ ቀላል ነበር፤ ይቅር ትለኝ ነበር፤ ልቧ እንደዚያ ነው። የወለድኩት ግን እኔ ነኝ።

ሹፌሩ ጠበቀኝ። «አላውቅም» አልኩት። እሱም ለአጎቷ «እንግዲህ ያ ሰው እስኪመጣ ልጄ እናቴ ጋ ትቆያለች» ብሎ ተነሣ። ወንበሮቼን እኔው ራሴ ተሸክሜ ተመለስኩ።

አሁን በየሳምንቱ ሰኞ ጭምቷ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ለልጇ ደብዳቤ ልታስጽፈኝ። «ጽሑፍሽ ያምራል» ትለኛለች። ጫማሽ አልጠበበሽም ወይ በያት፣ ትላለች። አያትሽን አታስቸግሪ በያት። እማዬ አልተቆጣችሽም በያት፤ ልጅቷ በራሷ ጥያቄ የመጣ ነገር መስሏት ይሆናል ብላ ትፈራለች። ሁሉንም እጽፋለሁ። ስጨርስ «አንብቢልኝ» ትለኛለች፤ አነብላታለሁ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ትለኛለች።

ያንተ ደብዳቤ አሁንም አለ፤ አላቃጠልኩትም። ሹፌሩም ቃሉን አላጠፈም፤ ያ ሰው ዛሬ ቢቆምለት ልጅቷ ነገ ትመጣለች። ሰኞ ሰኞ የእናቱን ቤት አድራሻ ፖስታው ላይ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ፤ ሠፈሩን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ላንተ ግን አልሰጥህም። ብሰጥህ ትጽፍለታለህ።

ወደዚህም እንዳትመጣ። ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም።

እህትህ